ክብሪት የያዘው ልጅ እና የፊልሙ እሳት ለኳሽ

ባለፈው ክረምት ነው። የጅማን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል። ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ሲንጣጣ ያድራል። ማገዶው ይረጥባል። ከሰሉ አልያያዝ ብሎ ሰው ያስለቅሳል። አንድ ቀን ጠዋት ጎረቤቴ ከኩሽናዋ ጀርባ፣ ዝናብ የማይደርስበት ጥግ ላይ፣ የተቃጠሉ የክብሪት እንጨቶች አገኘች። 30 ገደማ ይሆናሉ። አንዳንዱ ግማሽ ድረስ ነዶ ጠፍቷል። አንዳንዱ ጣት እስኪለበልብ ተይዞ እስከ መጨረሻው የነደደ ነው። አጠገቡ ጠርዙ የጠቆረ የደብተር ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነበልባል ተስሏል።

የ11 ዓመት ልጅ አላት። ሌላ ማን ይሆናል?

ወረቀቱን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ስልኳ ላይ ያየችው አንድ ቪዲዮ እንቅልፍ ነስቷታል። በልጅነቱ እሳት የሚጭር ሲያድግ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል ይላል። "አንተ ታነባለህ፤ እውነት ከሆነ አትደብቀኝ" አለችኝ።

እውነት አይደለም። ግን "አይደለም" ብዬ ብሸኛት ፍርሃቷ አይለቃትም ነበር። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ማየት ነበረብን። የመጣው ከፊልምና ከልብ ወለድ ነው፤ እሳት ሲያይ ዓይኑ ከሚያበራው ከዚያ ከታወቀው ገጸ ባሕሪ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ሰውዬ ነው። ዓመተ ምሕረት የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ የልጁ ሥዕል። ነበልባሉ ለምን ሰማያዊ ሆነ ብዬ ልጁን ጠየቅኩት። "ጋሼ፣ ዳቢን አያውቁትም እንዴ?" አለኝ፣ ባለማወቄ አዝኖ። ከዚያ ቁጭ ብለን አብረን አየን።

ዳቢ "ማይ ሂሮ አካዴሚያ" በተባለው የጃፓን አኒሜ ውስጥ ያለ ገጸ ባሕሪ ነው። ከእጁ ሰማያዊ እሳት ይወጣል። ገላው በጠባሳ የተጣጣፈ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ማቃጠል የሚያስደስተው ክፉ ሰው ይመስላል። ታሪኩ እየተገለጠ ሲሄድ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። አባቱ ዝነኛ ጀግና ነው፤ አንደኛ መሆን አቅቶት የሚንገበገብ። ያቃተውን በልጁ ሊያሳካ ፈለገ። የልጁ እሳት ከአባቱ ይልቅ የጋለ ነው፤ ገላው ግን ያንን እሳት አይችልም። አባትየው ይህን ሲያይ ልጁን ትቶ ፊቱን ወደ ሌሎቹ አዞረ። ልጁ አባቱ እንዲያየው ብሎ ተራራ ላይ ብቻውን ሲለማመድ በራሱ እሳት ተያያዘ። ሞተ ተባለ። ከዓመታት በኋላ ጠባሳ ለብሶ የተመለሰው ያ ልጅ ነው።

ለእናትየው ይህን ስነግራት ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ "ይሄማ አቤሴሎም ነው" አለች።

ሰንበት ተማሪ የነበረች ሴት ናት። እኔ አላሰብኩትም ነበር። መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 14 ላይ ነው። አቤሴሎም ወንድሙን አስገድሎ ከሸሸ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። አባቱ ንጉሥ ዳዊት ግን ፊቴን አያይም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ከተማ ተቀምጦ የአባቱን ፊት አላየም። አማላጅ እንዲሆነው ኢዮአብን አስጠራ፤ ኢዮአብ አልመጣም። ዳግመኛ አስጠራ፤ አሁንም አልመጣም። አቤሴሎም ሎሌዎቹን ልኮ የኢዮአብን የገብስ እርሻ አቃጠለበት። ኢዮአብ ያኔ እየሮጠ መጣ። ለምን አቃጠልክብኝ ሲለው መልሱ ግልጽ ነበር፤ ብልክብህ አልመጣህማ!

ጥሩ ደራሲ እሳት የሚለኩስ ሰው ሲጽፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የሚጽፈው። አፉ ያልተሰማለት ሰው። እሳት ከሩቅ ይታያል። የሚንቅህን ሰው ሳይቀር ከቤቱ ያስወጣዋል። ለተረት የሚመቸውም ለዚህ ነው። ቋንቋችንም ያውቀዋል። የተናደደ ሰው "ተቃጠልኩ" ይላል። ጠብ የሚያባብስ ሰው "ቆስቋሽ" ነው። ደግሞ ጎበዙን ልጅ "እሳት የላሰ" ብለን እናደንቀዋለን። መስከረም ላይ ደመራ ለኩሰን ዙሪያውን እንዘፍናለን። እሳትን የማይወድ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ "እሳት ይወዳል" የሚለው ብቻውን ስለ አንድ ሰው ምንም አይነግረንም።

ሕክምናው ምን ይላል?

ፓይሮማኒያ የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን ሰምተናል። ከግሪክ የመጣ ነው፤ እሳትና እብደት የሚሉ ሁለት ቃላት የተጋጠሙበት። ሐሳቡን በ1833 በሰፊው የጻፈበት ማርክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ሌላ ሕመም የሌለበት ሰው በአንድ ነገር ብቻ፣ በማቃጠል ብቻ፣ ሊታመም ይችላል ብሎ ያምን ነበር። ፍርድ ቤቶች ብዙ ተከራከሩበት። ዛሬ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው አምስተኛው መመሪያ ውስጥ፣ ስሜትን መቆጣጠር ከሚያቅትባቸው ሕመሞች ጋር ተመድቦ ይገኛል።

መመሪያው በጣም ጠባብ በር ነው ያስቀመጠው። ሰውዬው ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ሆን ብሎ መለኮስ አለበት። ከመለኮሱ በፊት ውስጡ ይወጠራል። እሳትና ከእሳት ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ ይስበዋል፤ የእሳት አደጋ መኪናው፣ ሳይረኑ፣ ቃጠሎ ያለፈበት ቦታ። ሲለኩስ ወይም ሲነድ ሲያይ እፎይ ይላል፣ ይደሰታል። እስካሁን ያለው ከፊልሙ ሰውዬ ጋር ይመሳሰላል። ቀጥሎ ያለው ነው የሚለየው። በቂም ያቃጠለ አይቆጠርም። ለገንዘብ፣ ለኢንሹራንስ ያቃጠለ አይቆጠርም። ሌላ ወንጀል ለመሸፈን፣ ለፖለቲካ፣ በስካር፣ "አቃጥል" የሚል ድምፅ ሰምቶ ያቃጠለ አይቆጠርም።

እነዚህን ሁሉ ቀንሳችሁ ማን ይቀራል? ፊንላንድ ውስጥ በ2005 የታተመ ጥናት ደጋግመው ያቃጠሉ 90 ወንዶችን ተመለከተ። መስፈርቱን ሙሉ በሙሉ ያሟሉት 3 ብቻ ናቸው። ሌሎች 9 ሰዎች ለማሟላት ተቃርበው ነበር፤ ግን ሲለኩሱ ሰክረው ስለነበር ወጡ። ደጋግመው ካቃጠሉት መካከል ነው እንግዲህ ይህ። አንድ ጊዜ ብቻ ያቃጠለው ከመነሻውም አይገባም።

ይህ ቁጥር እኔን ብዙ አሳስቦኛል። ቃጠሎ በሰማን ቁጥር "ያበደ ሰው ነው" እንላለን። ሲባል ደስ ይላል፤ ነገሩን ከእኛ ያርቀዋል። ግን ከቃጠሎው ጀርባ ያለው ብዙ ጊዜ የድንበር ጠብ ነው፣ የውርስ ጠብ ነው፣ ዕዳ ነው፣ መጠጥ ነው። ሁሉንም እብድ ስንለው እነዚህን ሳናይ እናልፋለን። በእውነት የታመመው ደግሞ ስሙ ከወንጀለኛ ጋር ስለተለጠፈ ለሐኪም እንኳን አፉን አይከፍትም።

አንድ በእውነት የተፈጸመ ታሪክ አለ፤ ልብ ወለዱና ሕይወቱ የተጋጠሙበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግሌንዴል በምትባል ከተማ ጆን ኦር የሚባል የእሳት አደጋ መኮንን ነበር። ሥራው የቃጠሎ መንስኤ መመርመር ነው። ጎበዝ ነበር ይባላል። እሳቱ ከየት እንደተነሳ ከሁሉ ቀድሞ ያገኘዋል። በ1980ዎቹ በአካባቢው ብዙ ሱቆች ቀን በሥራ ሰዓት ይቃጠሉ ነበር። በ1984 ጥቅምት ወር ሳውዝ ፓሳዲና ያለ አንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ተቃጥሎ 4 ሰዎች ሞቱ። ከነሱ አንዱ የ2 ዓመት ሕፃን ነው፤ ከአያቱ ጋር ነበር።

በ1987 መርማሪዎች አንድ ፍንጭ ያዙ። ለኳሹ የሚጠቀምበት ነገር ቀላል ነው፤ ሲጋራ፣ ጥቂት ክብሪት፣ መስመር ያለው ቢጫ ወረቀት፣ ላስቲክ። ሲጋራው ቀስ ብሎ እየነደደ ክብሪቱ ጋ እስኪደርስ ሰውዬው ይርቃል። ሳይቃጠል ከተረፈ አንድ ቢጫ ወረቀት ላይ የጣት አሻራ ተገኘ። አሻራው የኦር መሆኑ የታወቀው ግን ቆይቶ ነው። በ1991 መጨረሻ ተያዘ። ያኔ ሌላ ነገር ወጣ። ልብ ወለድ እየጻፈ ነበር። ዋናው ገጸ ባሕሪ እሳት የሚለኩስ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ አንድ የዕቃ መሸጫ ይቃጠላል፤ አያትና የልጅ ልጇ ይሞታሉ። ዐቃቤ ሕግ ጽሑፉን ማስረጃ አድርጎ አቀረበው። በ1998 በ4ቱ ሰዎች ግድያ ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

የኦር ታሪክ የሚያስደነግጠኝ ገጸ ባሕሪውን ልክ እንደ ፊልም ሰውዬ አድርጎ መጻፉ ነው። ለብቻው የሚኖር፣ ማንም የማይረዳው፣ እሳት ብቻ ወዳጁ የሆነ። ኦር ራሱ ግን እንደዚያ አልነበረም። ሥራ ያለው፣ የተከበረ፣ ሌሎችን የሚያስተምር ሰው ነበር። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ያንን የልብ ወለድ ሰውዬ ስለነበር፣ አጠገባቸው ቆሞ የሚመረምረውን አላዩትም።

ከሱ በፊት ለዝና ያቃጠለም አለ። በ356 ቅድመ ልደት ክርስቶስ ሄሮስትራተስ የተባለ ሰው የኤፌሶኗን የአርጤምስ ቤተ መቅደስ አቃጠለ። ስሜ ይታወስ ብዬ ነው አለ። የከተማው ሰዎች ስሙን መጥራት ከለከሉ። አንድ የታሪክ ጸሐፊ መዘገበውና ይኸው እስከ ዛሬ እንጠራዋለን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የምናነበው፣ ሕዝቡ "የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት" እያለ የጮኸላት ቤተ መቅደስ በኋላ እንደገና የተሠራችው ናት።

ልብ ወለድ ሁልጊዜ ያሳስታል ማለቴ አይደለም። አንዳንዴ ደራሲው ከዘመኑ ሐኪም ይቀድማል፣ አንዳንዴም ሌላ ደራሲ መጥቶ ያርመዋል። ሻርለት ብሮንቴ በ1847 ያሳተመችውን "ጄን ኤይር" ውሰዱ። ቤርታ የምትባል ሴት ከጃማይካ ወደ እንግሊዝ ተወስዳ፣ አእምሮዋ ታመመ ተብሎ ባሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆልፎባታል። ለዓመታት። አንድ ሌሊት አምልጣ የባሏን አልጋ ታያይዛለች። በመጨረሻ ቤቱን ሙሉ ታቃጥላለች፤ ከጣራው ዘልላ ትሞታለች። በመጽሐፉ ውስጥ እሷ ራሷ አንድም ዐረፍተ ነገር አትናገርም። ትጮኻለች፣ ትስቃለች፣ ትነክሳለች። በ1966 ዣን ሪስ የምትባል፣ ራሷም ከካሪቢያን የሆነች ደራሲ፣ ያችን ሴት ዋና አድርጋ ሌላ ልብ ወለድ ጻፈች። ልጅነቷን፣ አገሯን፣ ስሟ እንኳን እንዴት እንደተቀየረባት ነገረችን። ያንን ካነበባችሁ በኋላ ቃጠሎው ያው ቃጠሎ አይሆንም።

እኛ ዘንድም የታመመ ሰው የሚታሰርበት ጓዳ አለ። ሁላችንም አይተናል። በገመድ፣ በሰንሰለት፣ በር ተቆልፎበት። ቤተሰቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መላ አጥቶ ነው። ቤርታን ሳነብ የማስበው እነሱን ነው።

ጃፓን ደግሞ እውነተኛው ቃጠሎ ቀደመ፣ ልብ ወለዱ ተከተለ። በ1950 ሐምሌ ኪዮቶ ያለውን በወርቅ የተለበጠ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አንድ ወጣት ደቀ መዝሙር አቃጠለው። ዩኪዮ ሚሺማ በ1956 ታሪኩን ወስዶ ውበት ያሳበደው ወጣት አድርጎ ጻፈው። ድንቅ መጽሐፍ ነው። እውነተኛው ልጅ ግን ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ ሳንባውም የታመመ ነበር። እናቱ ከፖሊስ ጋር ተነጋግራ ስትመለስ ከባቡር ዘልላ ሞተች። እሱም ከእስር ከወጣ በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ መጽሐፉ በወጣበት ዓመት አረፈ። ውበት የሚለውን ሳነብ ሁልጊዜ ያቺ እናት ትመጣብኛለች።

ስለ እሳቱ ራሱም ፊልም የሚደብቀን ነገር አለ። የፊልም እሳት ብሩህ ነው። በጋዝ ቧንቧ ይነዳል፤ ንጹሕ ነው፣ ተዋናዩ በነበልባል መካከል ቆሞ ያወራል። የእውነቱ የቤት ቃጠሎ ጨለማ ነው። ይህን የማውቀው ከንባብ አይደለም። ከዓመታት በፊት የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ መብራት ጠፍቶ አንድ ክፍል በሻማ ተያያዘ። ሻማው የወደቀው ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ነው። "እሳት! እሳት!" ሲባል ወጣን። በሩ ሲከፈት የጠበቅኩት ነበልባል ነበር። የወጣው ግን ጥቁር ጭስ ነው፣ ወፍራም፣ እንደ ጨርቅ። በባትሪ ብናበራ እጃችንን አናይም። አንድ ጎረምሳ እርጥብ ፎጣ አፉ ላይ አድርጎ ሊገባ ሞከረ፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ እያስነጠሰ በጉልበቱ ወደቀ፤ ጎትተን አወጣነው። ከሮቶ በባልዲ እየቀዳን፣ አሸዋ እየበተንን አጠፋነው። ደግነቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። በቤት ቃጠሎ ሰው በብዛት የሚሞተው በነበልባል ሳይሆን በጭስ ነው። ስፖንጅ ሲነድ የሚያወጣው ጭስ ደግሞ መርዝ ነው። ይህንን ያየ ሰው የፊልሙን ሳቅ አያምነውም።

ወደ እናትየው ጥያቄ ልመለስ። እሳት የጫረ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል የሚለው ወሬ ባለቤት አለው። በ1963 ዴንቨር ውስጥ ማክዶናልድ የተባለ የአእምሮ ሐኪም፣ ሰው እንገድላለን ብለው የዛቱ ሕሙማንን ሲያይ፣ ከነሱ አንዳንዶቹ በልጅነታቸው ሦስት ነገር እንዳሳዩ ጻፈ። አልጋ ማራስ፣ እንስሳ ማሰቃየት፣ እሳት መለኮስ። ጥቂት ሕሙማንን አይቶ የጻፈው ነው። ፊልሞችና የወንጀል ትረካዎች ግን አንሥተው ሕግ አደረጉት። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች አላጸኑትም። የሦስቱ መደራረብ ይበልጥ የሚጠቁመው ልጁ ቤት ውስጥ መደብደቡን፣ መንገላታቱን ነው። አልጋ ማራስማ የስንቱ ልጅ ነው!

ክብሪት የሚጭር ልጅ ብዙ ነው። አብዛኛው የሚጭረው ለማየት ነው፤ ያይና ይተዋል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ተቆጥተውት፣ አስተምረውት ደጋግሞ በድብቅ የሚለኩስ፣ ሲናደድ የሚለኩስ፣ የሌላ ሰው ነገር መርጦ የሚያቃጥል፣ ከዚያም ጋር እንስሳ የሚያሰቃይ ከሆነ፣ ያኔ በዱላ የሚመለስ ነገር አይደለም። የሚያውቅ ሰው ሊያየው ይገባል። እዚሁ ጅማ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ፓይሮማኒያ ላለበት አዋቂም ቢሆን ብቻውን የሚፈውስ ክኒን የለም፤ የሚረዳው በአብዛኛው የንግግር ሕክምና ነው። ያ መወጠር ሲመጣ ማወቅን፣ ሌላ መተንፈሻ መፈለግን ያስተምራል።

ልጁን ጠየቅነው። እናቱ ዝም ብላ ተቀመጠች። ለምን 30 ክብሪት ፈጀህ? አልኩት።

"የዳቢ እሳት እውነት መሆኑን ለማየት ነዋ" አለኝ። "ክብሪቱም እኮ ከሥሩ ሰማያዊ ነው። ለምን ላዩ ቢጫ እንደሚሆን ነው ያልገባኝ።"

እናቱ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

ከሥሩ አየር ስለሚያገኝ በደንብ ይነዳል፤ ሰማያዊ የሚሆነው ለዚህ ነው አልኩት። ላይኛው ቢጫ ሳይነድ የቀረ ጥላሸት ግሎ ሲያበራ ነው። ማታ ቡና ሊፈላ ከሰል ሲያያዝ አጠገባችን እንዲቀመጥ ጠራነው። ማራገቢያውን እሱ ያዘ። ከሰሉ ሲፍም ከላዩ ላይ ስስ ሰማያዊ ነበልባል መዝለል ጀመረ። "ጋሼ፣ ይኸው!" ብሎ ተነሣ።

ይህኛው ሰማያዊ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሲነድ ነው አልኩት። ሽታ የለውም። ሳይነድ የቀረው በዝግ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

ልጁ ማራገቡን አቆመ። እናቱን አየ፤ የተዘጋውን መስኮት አየ። ውጭ ዝናቡ አላባራም። እናቱ ተነሥታ በሩን ከፈተች፤ እሱ ማንደጃውን በሁለት ጨርቅ ይዞ ወደ ደጃፉ ገፋው።